ዣን ዳርክ፦ በገበሬ ልጅ ደም የጸና ዘውድ

የገዢ መደቦች የታሪክ ጸሐፊዎች የሰውን ልጅ የረጅም ዘመን ጉዞ የነገሥታትና የመሳፍንት ዜና መዋዕል አድርገው ሲያቀርቡ ኖረዋል። በእነርሱ መጽሐፍ ጦርነት የሚያውጀው ንጉሥ፣ ድል የሚቀዳጀው ንጉሥ፣ ሰላም የሚሰጠውም ንጉሥ ነው። እህሉን ያመረተው፣ ግብሩን የከፈለው፣ በየጦር ሜዳው የወደቀው ሰፊው ሕዝብ ግን ስም የለውም። ሆኖም አልፎ አልፎ ከዚህ ስም አልባ ሕዝብ መካከል አንድ ሰው ብቅ ብሎ ጸሐፊዎቹ ሊዘሉት የማይችሉት ተግባር ይፈጽማል። እንዲህ ያለ ሰው ሲነሣ ገዢዎች ሁለት ዘዴ አላቸው። በሕይወት ሳለ ተጠቅመውበት ይጥሉታል። ከሞተ በኋላ ደግሞ የራሳቸው ያደርጉታል።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው በ19 ዓመቷ ገደማ በእሳት የተቃጠለችውን የፈረንሳይ ገበሬ ልጅ፣ የዣን ዳርክን ሕይወት ነው። ስለ እርሷ ሁለት የተሳሳቱ አመለካከቶች ሲነገሩ ቆይተዋል። አንደኛው ከሰማይ የወረደች ተአምር አድርጎ ያያታል። ሁለተኛው ደግሞ ራሷን የማታውቅ የቤተ መንግሥት መጫወቻ አድርጎ ያቃልላታል። ሁለቱም አንድ ነገር ይሸፍናሉ፤ ይኸውም ዣንን የወለዳት ኅብረተሰባዊ ሁኔታ፣ የተሸከማት ሕዝብና በስተመጨረሻ የከዳት መደብ ማን እንደነበረ ነው። እኛም አነሣሣችን ይህንኑ ለመመርመር ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጦርነቱ የማን ጦርነት ነበር?

የመቶ ዓመት ጦርነት በመባል የሚታወቀው የእንግሊዝና የፈረንሳይ ጦርነት በ1337 ተጀምሮ በ1453 እስኪያበቃ ድረስ፣ በየመካከሉ በተኩስ አቁም ስምምነት እየተቋረጠ፣ 116 ዓመታት ወስዷል። ላይ ላዩን ሲታይ የዘውድ ይገባኛል ክርክር ነበር። በ1328 የፈረንሳዩ ንጉሥ አራተኛ ቻርልስ ወንድ ልጅ ሳይተካ ሲሞት የእንግሊዙ ንጉሥ ሦስተኛ ኤድዋርድ በእናቱ በኩል ያለውን የዘር ሐረግ ቆጥሮ ዙፋኑ ለእኔ ይገባል አለ። የፈረንሳይ መሳፍንት ግን የቫልዋውን ፊሊፕ አነገሡ።

ከዘር ቆጠራው ሥር የነበረው ጉዳይ ግን የመሬትና የገንዘብ ጉዳይ ነው። የእንግሊዝ ነገሥታት በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ የጊየንን አገር በጉልትነት ይዘው ነበር። ከቦርዶ ወደብ የሚወጣው ወይን ጠጅ ለእንግሊዝ ዘውድ ከፍ ያለ ቀረጥ ያስገባ ነበር። በሰሜን በኩል ደግሞ የፍላንደርስ ከተሞች የሽመና ሥራ ከእንግሊዝ በሚመጣ የበግ ጠጉር ላይ የተመሠረተ ስለነበር፣ ያንን አገር የሚቆጣጠር ሁሉ ትልቅ የሀብት ምንጭ በእጁ ያስገባል። በ1337 ፊሊፕ ጊየንን ወርሻለሁ ብሎ ሲያውጅ ጦርነቱ ፈነዳ።

በዚህ ጦርነት መኳንንቱ ከሁለቱም ወገን ሲማረኩ በቤዛ ገንዘብ ይለቀቁ ነበር። ገበሬው ግን ቤዛ ስለሌለው ይታረድ ነበር። የእንግሊዝ ጦር አንዱ ዋነኛ የውጊያ ስልት በጠላት አገር ላይ በፈረስ እየጋለቡ መንደር ማቃጠል፣ እህልና ከብት መዝረፍ ነበር። በ1346 በክሬሲ፣ በ1356 በፑዋቲዬ የፈረንሳይ ባለ ጥሩር መኳንንት ከተራው ሕዝብ በተመለመሉ የእንግሊዝ ቀስተኞች ድባቅ ተመቱ። በሁለቱ ውጊያዎች መካከል፣ በ1348፣ ጥቁሩ ሞት የተባለው ወረርሽኝ ገብቶ ሕዝቡን ፈጀው። በፑዋቲዬ ንጉሥ ዣን ራሱ ተማርኮ በ1360 በተደረገው ውል ለማስለቀቂያው ሦስት ሚሊዮን የወርቅ ኤኩ ተጠየቀ። ይህን ዕዳ የተሸከመው በጨውና በሸቀጥ ላይ በተጣለው ግብር አማካይነት ሠርቶ አደሩ ነው።

ሕዝቡ ግን ዝም ብሎ አልተቀመጠም። በ1358 ከፓሪስ በስተሰሜን ያሉ ገበሬዎች በጊዮም ካል መሪነት በባላባቶቻቸው ላይ ተነሡ። መኳንንቱም መሪውን ለድርድር ብለው ጠርተው ከያዙት በኋላ ገደሉት፤ ገበሬዎቹንም ጨፈጨፉ። በእንግሊዝ በኩልም ለዚሁ ጦርነት ሲባል ከ1377 ጀምሮ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሦስት ጊዜ በነፍስ ወከፍ የተጣለው ግብር የ1381ን የገበሬዎች ዐመፅ አስነሣ። መሪዎቹ ዋት ታይለርና ቄሱ ጆን ቦል ተገደሉ። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። የሁለቱ አገር ነገሥታት እርስ በርስ ሲዋጉ፣ የሁለቱም አገር ገበሬ የሚታገለው ተመሳሳይ ጠላት ነበረው።

በ1415 እንግሊዞች በአዠንኩር እንደገና ድል ሲያደርጉ የፈረንሳይ መሳፍንት ለሁለት ተከፍለው እርስ በርስ ይተላለቁ ነበር። በ1419 የቡርጎኝ መስፍን በሞንትሮ ድልድይ ላይ፣ ከአልጋ ወራሹ ጋር ሊደራደር በመጣበት፣ በአልጋ ወራሹ ሰዎች እጅ ተገደለ። የመስፍኑ ልጅ አባቱን ለመበቀል ከእንግሊዝ ጋር ወገነ። በ1420 በትሯ ከተማ በተፈረመው ውል ያበደው ንጉሥ ስድስተኛ ቻርልስ ልጁን ከውርስ ነቅሎ አገሩን ለእንግሊዙ ንጉሥ ለአምስተኛ ሄንሪ ሰጠ። በ1422 ሁለቱም ነገሥታት ሞቱ። ዓመት ያልሞላው ሕፃን ስድስተኛ ሄንሪ የሁለቱ አገር ንጉሥ ተባለ። ከውርስ የተነቀለው ቻርልስ ከሎዋር ወንዝ በስተደቡብ ተወስኖ ቀረ። ፓሪስ፣ ከነዩኒቨርሲቲዋ፣ በእንግሊዝና በቡርጎኝ እጅ ነበረች።

ከዶምሬሚ መንደር

ዣን በ1412 ገደማ በምሥራቅ ፈረንሳይ፣ በሜዝ ወንዝ ዳር፣ በዶምሬሚ መንደር ተወለደች። አባቷ ዣክ ዳርክ የራሱ ጥማድና ጥቂት መሬት ያለው፣ በመንደሩ ጉዳይም ተሰሚነት የነበረው ገበሬ ነው። እናቷ ኢዛቤል መፍተልና መስፋት፣ ጸሎትም አስተማረቻት። ማንበብና መጻፍ ግን የሚያስተምራት አልነበረም።

ይህች መንደር በሁለቱ ተዋጊ ወገኖች ድንበር ላይ የምትገኝ ስለሆነች ጦርነቱ በየደጁ ያንኳኳ ነበር። በ1423 የመንደሩ ነዋሪዎች ለአንድ የአካባቢው ባላባት በየቤቱ የሚከፈል የጥበቃ ገንዘብ ለመስጠት ተዋዋሉ። ከተዋዋዮቹ አንዱ የዣን አባት ነበር። የጥበቃ ገንዘብ ይባል እንጂ ትርጉሙ ባላባቱ ራሱ እንዳይዘርፋቸው የሚከፍሉት ዋጋ ነበር። ከጥቂት ጊዜም በኋላ ከብቶቻቸው በወንበዴ ጦረኞች ተነዱ። በ1428 የቡርጎኝ ወገን ጦር ሲመጣ ነዋሪዎቹ ከብቶቻቸውን እየነዱ ወደ ኔፍሻቶ ተሰደዱ። ሲመለሱ የጠበቃቸው የተቃጠለ መንደር ነው።

ዣን ከ13 ዓመቷ ገደማ ጀምሮ የመልአኩ የሚካኤልንና የቅዱሳት ሴቶችን ድምፅ እሰማለሁ ትል ነበር። ይህን ስንመረምር የዘመኑን ሰው በራሱ ዘመን መመዘን ይኖርብናል። በ15ኛው ምዕተ ዓመት የአውሮፓ ገበሬ ስለ ግፍና ስለ ፍትሕ የሚያስብበት ሌላ ቋንቋ አልነበረውም፤ ሃይማኖት የጭቁኑም የጨቋኙም መነጋገሪያ ነበር። ስለሆነም የተቃጠለ መንደር ልጅ አገሬ ነጻ ትውጣ የሚለው ፍላጎቷ በቅዱሳን ድምፅ ቢገለጥላት የሚያስደንቅ አይደለም። የሚያስደንቀው ድምፁን ሰምታ ቁጭ አለማለቷ ነው።

በ1428 በዘመድዋ በዱራን ላክሳር አማካይነት ወደ ቮኩለር ከተማ ሄዳ የጦር አዛዡን ሮቤር ደ ቦድሪኩርን ወደ አልጋ ወራሹ እንዲልካት ለመነችው። አዛዡ አፌዘባትና መለሳት። እርሷ ግን በ1429 መጀመሪያ ተመልሳ መጣች። በዚህ ጊዜ የከተማይቱ ሕዝብ አመናት። የወንድ ልብስ አሰፉላት፤ ፈረስ ገዙላት። ዣን መጀመሪያ የታጠቀችው በንጉሥ ግምጃ ቤት ሳይሆን በተራው ሕዝብ መዋጮ ነው። በየካቲት ወር ከስድስት ሰዎች ጋር ጠላት በያዘው አገር አቋርጣ ከ11 ቀን ጉዞ በኋላ ቻርልስ ወደሚገኝበት ወደ ሺኖን ደረሰች።

የኦርሌያን ሕዝብና ዣን

ቻርልስ ልጅቷን ወዲያው አልተቀበላትም። ሦስት ሳምንት ያህል በፑዋቲዬ በሃይማኖት ሊቃውንት አስመረመራት። በመጨረሻ የፈቀደላት ሌላ ተስፋ ስላልነበረው ነው። ገንዘብ አልቆበታል፣ መኳንንቱ ከድተውታል፣ የሎዋር ቁልፍ የሆነችው የኦርሌያን ከተማ ከጥቅምት 1428 ጀምሮ በእንግሊዝ ጦር ተከባለች።

እዚህ ላይ የኦርሌያንን ሕዝብ ሳንጠቅስ ማለፍ ትልቅ በደል ይሆናል። ዣን ከመድረሷ በፊት ያን ሁሉ ወራት ከተማይቱን ያቆያት ይኸው ሕዝብ ነው። ነዋሪዎቹ ጠላት እንዳይጠለልበት ከግንቡ ውጪ ያሉ ሰፈሮቻቸውን በገዛ እጃቸው አፈረሱ። ጠላት የድልድዩን ምሽግ ሲያጠቃ ሴቶች ድንጋይና የፈላ ዘይት ያቀብሉ ነበር። ከሌሎች ከተሞችም የእህልና የገንዘብ እርዳታ ይላክ ነበር። የጎደለው ይህን ኃይል አሰባስቦ ከመከላከል ወደ ማጥቃት የሚያሸጋግረው መሪ ነበር።

ዣን ሚያዝያ 29 ቀን 1429 ከተማይቱ ገባች። አዛዦቹ በመጀመሪያ ከምክር ቤታቸው አገለሏት። የሚያቅዱትን እንኳ አይነግሯትም ነበር። ሕዝቡ ግን ከበሬታውን ያሳየው ለእርሷ ነበር። አንድ ቀን መኳንንቱ ውጊያ ይቅር ብለው ወስነው የከተማይቱ ገዢ በሩን ዘግቶ ሲቆም፣ ዣንና የታጠቀው ነዋሪ በሩን በግድ አስከፍተው ወጡ። ግንቦት 4 ቀን የሴንሉ ምሽግ፣ ግንቦት 6 ቀን የኦጉስታን ምሽግ ተያዙ። ግንቦት 7 ቀን በድልድዩ ራስ ላይ ባለው የቱሬል ምሽግ ዋናው ውጊያ ሲደረግ ዣን በአንገቷና በትከሻዋ መካከል በፍላጻ ተወጋች። ቁስሏ ከታሠረ በኋላ ተመልሳ ተዋጊዎቹን አበረታታች። ምሽጉም ወደቀ። በማግሥቱ እንግሊዞች ከበባውን ትተው ሄዱ። ለሰባት ወር ያህል የቆየው ከበባ እርሷ በገባች በአሥረኛው ቀን ተሰበረ።

ከዚያም ድሉ ተከታተለ። በሰኔ ወር ዣርዦ፣ ሜንና ቦዣንሲ ተያዙ። ሰኔ 18 ቀን በፓቴ ሜዳ የእንግሊዝ ቀስተኞች ካስማቸውን ሳይተክሉ ተደርሶባቸው ተበተኑ። ዣንም አልጋ ወራሹ ወደ ራንስ ሄዶ እንዲቀባ አጥብቃ ጠየቀች። ይህ ጥያቄ ብልህ የፖለቲካ ስሌት ነበረበት፤ በዘመኑ ሕግ በራንስ ካልተቀባ ማንም በሙሉ መብት ንጉሥ አይባልምና። በየመንገዱ ያሉ ከተሞች በር ከፈቱ። ሐምሌ 17 ቀን 1429 ቻርልስ በራንስ ዘውድ ደፋ። ሰንደቅ ዓላማዋን ይዛ በአጠገቡ የቆመችው የዶምሬሚ ገበሬ ልጅ ነበረች።

ዘውዱ ከተደፋ ከሁለት ሳምንት በኋላ ንጉሡ በእርሷ ጥያቄ ዶምሬሚና ጎረቤቷ ግረ ከግብር ነጻ እንዲሆኑ ሐምሌ 31 ቀን 1429 አዘዘ። ዘውድ ላስደፋች ሴት ይህ ጥያቄ ምንኛ ትንሽ፣ ምንኛስ ትልቅ ነው! ጉልትም ሹመትም ሳትሻ የጠየቀችው የመንደሯ ገበሬዎች ከትከሻቸው ሸክም እንዲወርድላቸው ነው። ይህ ነጻነት እስከ 1789ኙ አብዮት ዘመን ድረስ ጸንቶ ቆይቷል።

ዘውዱ ከተደፋ በኋላ

ንጉሡ የሚፈልገውን ካገኘ ወዲያ የቤተ መንግሥቱ ፊት ተለወጠ። ዣን ሕዝቡ እንደተነሣሣ ወደ ፓሪስ መገስገስ ይገባል ትል ነበር። የንጉሡ ባለሟሎች ግን፣ በተለይም ለንጉሡ ገንዘብ ያበድር የነበረው ላ ትሬሞይ፣ ከቡርጎኝ መስፍን ጋር በምስጢር መደራደሩን መረጡ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የቡርጎኝ መስፍን ጠላት ቢሆንም የራሳቸው መደብ አባል ነው፤ ከእርሱ ጋር በውል መካፈል ይቻላል። የታጠቀና በራሱ መተማመን የጀመረ ተራ ሕዝብ ግን ነገ ወዴት እንደሚዞር አይታወቅም። የ1358 ትዝታ ከመኳንንቱ ልብ አልጠፋም ነበር ብለን ብናስብ ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

መስከረም 8 ቀን 1429 በፓሪስ የሴንቶኖሬ በር ላይ በተደረገው ጥቃት ዣን ጭኗን በፍላጻ ተወጋች። በማግሥቱ ውጊያውን ለመቀጠል ስትዘጋጅ ንጉሡ ጦሩ እንዲመለስ አዘዘ። በሴን ወንዝ ላይ ለሌላ ጥቃት ተሠርቶ የነበረውን ድልድይም በሌሊት አስፈረሰ። በዚያው ወር ጦሩ በዢየን ተበተነ። በታኅሣሥ ወር ንጉሡ ለዣንና ለቤተሰቧ የመኳንንትነት ማዕርግ ሰጠ። ይህ ዘዴ እንግዳ አይደለም። ገዢ መደብ ከሕዝብ የወጣን ሰው ኃይሉን ነጥቆ ማዕርግ ይሰጠዋል።

በዚያው ክረምት ዣን የላ ሻሪቴን ከተማ እንድትይዝ ያለ በቂ ስንቅ ተላከች። ባሩድና ፍላጻ እንዲሰጧት የለመነችው ንጉሡን ሳይሆን የሪዮምን ከተማ ነዋሪዎች ነው። ለዚህ ያስጻፈችው ደብዳቤ፣ ያልተማረው እጇ ስሟን የጻፈበት፣ ተጠብቆ ደርሶናል። ውጊያው ከሸፈ።

በ1430 ጸደይ የኮምፒየኝ ከተማ ተከበበች። የዚህች ከተማ ታሪክ ልዩ ትኩረት ይሻል። ንጉሡ በድርድር ለቡርጎኝ መስፍን ሊያስረክባት ተስማምቶ ነበር። ነዋሪዎቿ ግን አንሰጥም ብለው በራቸውን ዘጉ። ዣን ቤተ መንግሥቱን ትታ ከጥቂት ተዋጊዎች ጋር ወደ እነዚህ ነዋሪዎች መጣች። ግንቦት 23 ቀን ከከተማይቱ ወጥታ ስትዋጋ፣ ሲያፈገፍጉም ከኋላ ሆና ወገኗን ስትከላከል፣ የግንቡ ድልድይ ተነሣና ውጪ ቀረች። የቡርጎኝ ወታደሮችም ማረኳት። ኮምፒየኝ ግን እጅ ሳትሰጥ ቆይታ በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ከበባው ተነሣላት።

ገበያና ችሎት

በዘመኑ ልማድ ምርኮኛ በቤዛ ይለቀቃል። ዣን ዘውድ ያስደፋችው ንጉሥ ግን እርሷን ለማስለቀቅ የረባ እርምጃ አልወሰደም። ሰባ ጫማ ያህል ከፍታ ካለው የቦርቯር ግንብ ዘላ ለማምለጥ ሞከረች፤ አልሆነላትም። በመጨረሻ የማረካት የሉክሰምቡርጉ ዣን በ10,000 ሊቭር ለእንግሊዞች ሸጣት። ገንዘቡ የተሰበሰበው በእንግሊዝ ቁጥጥር ሥር ባለው በኖርማንዲ ሕዝብ ላይ በተጣለ ግብር ነው። ገበሬዋን ለማቃጠል የገበሬው ገንዘብ ተከፈለ።

እንግሊዞች ሊገድሏት ቢፈልጉ ኖሮ አንድ ሰይፍ ይበቃ ነበር። የፈለጉት ግን ከዚያ የበለጠ ነው። የራንሱን ቅብዓት ዋጋ ለማሳጣት ንጉሡን ያነገሠችው ሴት ጠንቋይና መናፍቅ መሆኗ በቤተ ክርስቲያን ችሎት መረጋገጥ ነበረበት። ለዚህ የተመረጠው የቦቬ ጳጳስ ፒየር ኮሾን ነው። ኮሾን የፓሪስ ዩኒቨርሲቲ ሬክተር የነበረ፣ የትሯን ውል ካዘጋጁት አንዱ የሆነ፣ ከእንግሊዝ መንግሥት ደመወዝ የሚቀበል ሰው ነበር። የዘመኑ ታላቅ የትምህርት ተቋም የነበረው የፓሪስ ዩኒቨርሲቲም ክሱን በፊርማው አጸደቀ። ምሁር ለማን ነው የሚያገለግለው የሚለው ጥያቄ የቱን ያህል አሮጌ እንደሆነ ይህ ታሪክ ያሳየናል።

ችሎቱ በ1431 በሩዋን ከተማ ተጀመረ። የቤተ ክርስቲያን እስረኛ በቤተ ክርስቲያን ወህኒ፣ በሴቶች ጥበቃ መቀመጥ ሲገባት፣ ዣን ግን በእንግሊዝ ወታደሮች መካከል በሰንሰለት ታስራ ነበር። ጠበቃ አልነበራትም። በአሥር የሚቆጠሩ የሃይማኖትና የሕግ ሊቃውንት በአንዲት ማንበብ በማትችል የ19 ዓመት ልጅ ላይ ለወራት ጥያቄ አፈራረቁባት። በጸጋ ውስጥ ነኝ ብታምን በትዕቢት፣ አይደለሁም ብትል በኃጢአት የሚያስከስስ ወጥመድ አጠመዱላት። እርሷ ግን ሊቃውንቱ እስኪደነግጡ ድረስ በማስተዋል አመለጠች። ሰባ የነበሩት የክስ ነጥቦች ወደ 12 ተጠቃለሉ። ከእነዚህ ውስጥ የወንድ ልብስ መልበሷ አንዱ ነበር። ከሁሉ የከበደው ወንጀሏ ግን ያለ መኳንንትና ያለ ካህናት አማላጅነት እውነትን በራሴ አገኛለሁ ማለቷ ነው። ተራ ሰው በገዛ ኅሊናው መቆሙን ያ ሥርዓት ሊታገሠው አይችልም ነበር።

ግንቦት 24 ቀን እሳቱን አሳይተው በአንድ ወረቀት ላይ አስፈረሟት። በኋላ የመሰከሩ ሰዎች እንደገለጹት ያን ጊዜ የተነበበላት ጽሑፍ ጥቂት መስመር ብቻ ነበር። በመዝገቡ የገባው ግን ረጅም ኑዛዜ ነው። ከአራት ቀን በኋላ ቃሏን አነሣች፤ የወንድ ልብሷንም መልሳ ለበሰች። ወደ ስሕተቷ ተመለሰች ተባለና ግንቦት 30 ቀን 1431 በሩዋን አሮጌ ገበያ አደባባይ በእሳት ተቃጠለች። ሕዝቡ ከቅሪቷ አንዳች ነገር ወስዶ እንዳያስታውሳት አመዷ ከሴን ወንዝ ተጣለ።

ከሞት በኋላ

እሳቱ ዣንን እንጂ የሕዝቡን እንቅስቃሴ አላቃጠለም። በ1435 የኖርማንዲ ገበሬዎች በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ ተነሡ። ከፈረንሳይ አዛዦች በቂ ድጋፍ ስላላገኙ በጭካኔ ተደመሰሱ። በዚያው ዓመት የቡርጎኝ መስፍን ወደ ቻርልስ ዞረ። በ1436 ፓሪስ ተለቀቀች፤ በ1449 ሩዋን ተያዘች። ሐምሌ 17 ቀን 1453 በካስቲዮን በመድፍ ኃይል በተገኘው ድል ጦርነቱ አበቃ። እንግሊዞች እስከ 1558 በእጃቸው የቆየችው የካሌ ከተማ ብቻ ነበረች።

ይህን ድል ማን አጨደው? በ1439 ንጉሡ ጦር የመመልመልና ለዚያም ግብር የመጣል መብት የእኔ ብቻ ነው ብሎ ደነገገ። በ1445 ቋሚ ጦር አቋቋመ። ለጦርነቱ ሲባል የተጣለው ግብር ጦርነቱ ካለቀ በኋላ አልተነሣም። መኳንንትና ካህናት ከዚህ ግብር ነጻ ነበሩ፤ ገበሬው ግን ከሦስት ምዕተ ዓመት በላይ ተሸከመው። የውጭ ጌታ ተባረረ፤ የውስጥ ጌታ ግን ከቀድሞው በርትቶ ተቀመጠ።

ለ19 ዓመታት ያህል ዣንን ረስቶ የኖረው ንጉሥ በ1450 ስለ ፍርዷ ምርመራ እንዲደረግ አዘዘ። የቀሰቀሰው ጸጸት ብቻ ነው ለማለት ያስቸግራል። በመናፍቅ የነገሠ ንጉሥ የሚለው ስም ዘውዱን ያጎድፈው ነበርና። ኅዳር 7 ቀን 1455 አሮጊቷ እናቷ ኢዛቤል በፓሪስ ኖትርዳም ቤተ ክርስቲያን ቀርባ ስለ ልጅዋ ፍትሕ ጠየቀች። በዚህ ምርመራ ከመቶ የሚበልጡ ምስክሮች ተሰሙ። ከእነርሱም መካከል የዶምሬሚ አራሾችና ሴቶች አሉበት። ዜና መዋዕል የማይጽፍላቸው እነዚህ ሰዎች ቃላቸው በመዝገብ ሰፍሮ ለትውልድ የተላለፈው በጎረቤታቸው ልጅ ምክንያት ነው። ሐምሌ 7 ቀን 1456 የቀድሞው ፍርድ በተንኮል የተሠራ ነው ተብሎ ተሻረ። ነገር ግን ማንም አልተቀጣም፤ ኮሾንም በ1442 በሰላም ሞቷል። ኢዛቤልን በስተርጅናዋ ተቀብሎ የጦራትም ንጉሡ ሳይሆን የኦርሌያን ከተማ ነው።

ከዚያም የስሟ ሽሚያ ተከተለ። ከ1841 እስከ 1849 ዡል ኪሼራ የችሎቱን መዛግብት በአምስት ቅጽ አሳትሞ እውነቱን ለሕዝብ አወጣ። በ1841 የታሪክ ጸሐፊው ሚሽሌ የሕዝብ ልጅነቷን አጉልቶ ጻፈ። የፈረደባት ቤተ ክርስቲያን በ1909 ብፅዕት፣ በ1920 ቅድስት ብላ ሰየመቻት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለናዚ ጀርመን ያደረው የቪሺ መንግሥት በእንግሊዝ ላይ ጥላቻ ለመቀስቀስ ሥዕሏን በየግድግዳው ለጠፈ። በዚያው ጊዜ ናዚን በኅቡእ የሚታገሉ አርበኞችም በስሟ ይማማሉ። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ደግሞ የቀኝ አክራሪው ብሔራዊ ግንባር በስሟ ሰልፍ ሲያደርግ ቆይቷል። ለድሆች አልጋዋን ትለቅ ነበር ተብሎ የተመሰከረላት፣ ራሷም ስደትን የቀመሰች የገበሬ ልጅ፣ ስደተኛን ለሚጠሉ ሰንደቅ መደረጓ የታሪክ ምፀት ነው።

ከሕይወቷ ምን እንማራለን?

ዣን ዳርክን የዘመናችን አብዮተኛ አድርገን ልናቀርባት አንሻም። እርሷ በንጉሥ ታምን ነበር። የአገሯ መከራ የሚያበቃው እውነተኛው ንጉሥ ሲነግሥ ነው ብላ ታስብ ነበር። ከባላባት ሥርዓት ውጪ ያለ ኑሮ በዘመኗ ለማንም ሊታየው አልቻለም። ይህ የእርሷ ጥፋት ሳይሆን የዘመኗ ወሰን ነው። ነገር ግን በዚያ ወሰን ውስጥ ሆና ተራው ሰው ስለ አገሩ ዕጣ የመናገር መብት እንዳለው በተግባር አስመሰከረች። የተከበቡ ከተሞች ሕዝብ ያወቃትም ለዚህ ነው።

እኛ የምንወስደው ትምህርት ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሕዝብ ሲነሣ የማይሰበር የሚመስለው ከበባ በቀናት ይሰበራል። ሁለተኛ፣ ድሉን የሚጠብቅበት የራሱ ድርጅት ከሌለው ትግሉን የሚያጭደው ሌላ ነው። የኦርሌያን ነዋሪዎች በሩን በግድ ለማስከፈት ኃይል ነበራቸው። ከበሩ ውጪ የተገኘው ድል በማን ስም እንደሚጻፍ ለመወሰን ግን አልተደራጁም። በሰፈር ማኅበር የሚሰበሰብ ነዋሪም ሆነ በሠራተኛ ማኅበር የታቀፈ ወዝ አደር መሪውን ከመውደዱ በፊት ሊጠይቅ የሚገባው ጥያቄ ከዚሁ ይነሣል። የምንከፍለው መዋጮ፣ የምንሰጠው ጉልበት ለማን ነው? ውሉስ የሚፈረመው ማን ባለበት ነው?

የዣን አመድ በሴን ወንዝ ተወስዷል። ዘውዱን የደፋው ንጉሥ ሥርዓትም በ1789 በተነሣው ሕዝብ ተንዷል። ያን ሕዝብ ካስነሡት በደሎች አንዱ ለዚያ ጦርነት ተብሎ ተጥሎ ያልተነሣው ግብር መሆኑን ስናስብ፣ የዶምሬሚ ልጅ ለመንደሯ ብቻ የጠየቀችውን ነገር የፈረንሳይ ሕዝብ በሙሉ ከ360 ዓመት በኋላ ለራሱ በገዛ እጁ እንደወሰደው እንረዳለን።